ባልዲና ሮኬት

ጁን 9

ጣቢያውን ዛሬ ከፈትን። ከመንደራችን ከሎዞቬኒ በላይ ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ያው የቆርቆሮ ቤት፣ ያው የሮኬት ማስወንጨፊያ፣ ያው ነፋስ። የሥራ ጓደኛዬ ሃራላምቢ የማስወንጨፊያውን ሐዲዶች ወለወለ፤ እኔ ሬዲዮውን ሞከርኩ። ከማዕከሉ የመለሰልኝ አዲስ ልጅ ነው። ኢንጂነር መሆኑን ሁለት ጊዜ ነገረኝ።

የዘንድሮው መመሪያ ተቀይሯል። እስከ ዛሬ ሥራችን በረዶ መከላከል ነበር፤ በረዶ ያዘለ ደመና ሲመጣ ሆዱ ውስጥ ተኩሶ ወይኑን ማዳን። አሁን ግን ድርቁ ሦስተኛ ዓመቱን ስለያዘ ዝናብ ለማዝነብም እንድንተኩስ ተፈቅዷል። ሮኬቱ ያው ነው፤ ጭሱ ውስጥ ያለው የብር ዱቄትም ያው ነው። ኢንጂነሩ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ረጅም ነገር አነበበልን። ሃራላምቢ የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰና፣

"ዕድሜያችንን ሙሉ 'ዝናባችንን በተናችሁብን' ሲሉን ኖሩ። ይኸው ዛሬ ዝናብ አምጪዎች ሆንን። ሹመት እኮ ነው፣ ዚና!" አለኝ።

የሳቅኩ መሰለኝ። ካለፈው ኦክቶበር ወዲህ መሳቄንና አለመሳቄን በደንብ አላውቀውም።

ግሪጎሬ ከሞተ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው የሥራ ወቅቴ ነው። ባለቤቴ ከጎተራው መሰላል ወድቆ ነው የሞተው። አንዱ እርከን በስብሶ ነበር። ስንት ጊዜ ነግሬው ነበር።

ጁን 15

ደመና የለም። ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ። የግቢያችን ጉድጓድ ውስጥ ባልዲው ሲወርድ የሚሰማው የድንጋይ ድምፅ ነው። እማማ ኤቭዶኪያ፣ የግሪጎሬ እናት፣ ከጓዳ ሆነው "ዛሬስ ሰማዩ ምን አለሽ?" አሉኝ።

ምንም አላለኝም አልኳቸው።

ጁን 21

ሱቅ ገብቼ ከዳቦው መደርደሪያ ጀርባ ቆሜ ነበር። ፓራስኪቫ መኖሬን አላወቀችም። ጎረቤታችን ናት፤ ለቅሶ የመጣች ቀን ከእኔ በላይ ያለቀሰችው እሷ ነበረች። ለባለሱቋ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

"ከድሮም የታወቀ ነው እኮ። ራሱን ያጠፋ ሰው ከክርስቲያን መሃል ከተቀበረ ሰማይ ይዘጋል። መቃብሩ ላይ ውሃ እስኪፈስበት ድረስ አይከፈትም። ግሪጎሬ ከተቀበረ ወዲህ እስቲ ደህና ዝናብ አይተሻል? በብርዱ ወራትስ በረዶ ወርዷል?"

"እሱማ ከመሰላል ነው የወደቀው።"

"ተይ እንጂ! የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ የለበጠ ሰው ከገዛ ጎተራው መሰላል ይወድቃል? ባይሆን ሚስቱ ትንገርሽ።"

ወጣሁ፤ ሰላም አልኳቸው፤ ዳቦዬን ይዤ ሄድኩ። ጨው ረሳሁ። 

ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል፣ ሱፉ አንገቱን ደፍቶ ቀርቷል፣ ላሞቹ የወይን ቅጠል ይበላሉ። እኔም ልጅ ሳለሁ በእናቴ መንደር ውሃ ሲያፈሱ አይቻለሁ። የአንዲት ወጣት መቃብር ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ቤተሰቧን በስማቸው የሚጠራቸው ጠፋ። "ውሃ የፈሰሰባቸው" ነበር የሚባሉት። ታናሽ እህቷን የሚያገባት አልተገኘም። አባትየው በመጨረሻ ቤቱን ሸጦ ሄደ።

እኔ ግድ የለኝም፤ ያሉኝን ይበሉኝ። እማማ ግን ልጃቸው ፍትሐት ተደርጎለት፣ ደወል ተደውሎለት፣ ከአባቱ ጎን መቀበሩ ብቻ ነው የቀራቸው። በየጠዋቱ ለቅዱሱ ሥዕል ሻማ እያበሩ "ያም ቢሆን እንደ ክርስቲያን ሸኘሁት" ይላሉ። ይህን ወሬ ከሰሙ አይተርፉም።

አንድ ደህና ዝናብ ቢጥል ማንም ያንን መቃብር አያስታውሰውም። አንድ ዝናብ ብቻ።

ጁን 27

ከበሩ ውጭ የነበረውን አግዳሚ ወንበር ወደ ግቢ አስገባሁት፣ እማማ እዚያ ተቀምጠው ከአላፊ አግዳሚው ጋር እንዳያወሩ። ለእሳቸው የወንበሩ እግር ተበላሽቷል አልኳቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አይሂዱ፣ ሙቀት ይጎዳዎታል ብዬ ቅዳሴውን በሬዲዮ አስደመጥኳቸው። ፓራስኪቫ መጥታ ነበር፤ ተኝተዋል ብዬ መለስኳት። እማማ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለው አተር እየፈለፈሉ ነበር።

ጁላይ 4

ደመና! ከምዕራብ። ወፍራም፣ ታቹ ጥቁር።

ማዕከሉ ተዘጋጁ አለ። ሃራላምቢ ሮኬቶቹን ሰካ፣ አቅጣጫ ሰጡን፣ አዞርን። ከዚያ የበረራ ተቆጣጣሪዎቹ ፈቃድ ሲጠበቅ፣ "አየሩ ላይ የመንገደኛ አውሮፕላን አለ፤ ጠብቁ" አሉን። ጠበቅን። አሁንም ጠብቁ። ደመናው በላያችን አለፈ፤ ጥላው ቤታችንን፣ የወይኑን ማሳ፣ መቃብር ቦታውን አዳርሶ ሄደ።

"ለሽርሽር ወደ ቱርክ የሚሄዱ ናቸው" አለ ሃራላምቢ። "ከላይ ሆነው ደመናችንን ፎቶ አንስተውት ይሆናል።"

ጁላይ 10

ቄስ ኒካኖር ዛሬ ጣቢያው ድረስ በእግራቸው ወጡ። ቀሚሳቸው ከጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ውሃ ሰጠኋቸው፤ ግማሹን ጠጥተው ግማሹን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ።

"ዚናይዳ፣ እኔ ግሪጎሬን የቀበርኩት በአንቺ ቃል ነው።"

"አዎ፣ አባ።"

"ቃልሽ ያው ነው?"

"ያው ነው። እርከኑ ተሰብሮ ወደቀ።"

ቀና ብለው አላዩኝም፤ ማስወንጨፊያውን ነው ያዩት። "መንደሩ መቃብሩ ላይ ውሃ ልናፈስ ነው ብሎ ሦስት ጊዜ መጥቶብኛል። እስከ ኤልያስ በዓል ታገሡኝ ብያቸዋለሁ። ያን ቀን የኤልያስን ሥዕል ይዘን ማሳ ለማሳ ምህላ እንወጣለን። ከምህላው በኋላም ካልዘነበ ግን እኔን የሚሰማኝ የለም።"

"ገባኝ።"

"እናንተስ በዚህ ነገራችሁ ታዘንባላችሁ?"

"ደመና ከመጣ።"

"ደመና ከመጣማ እኔም አዘንባለሁ" አሉና ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ በመሳቃቸው ያፈሩ መሰሉ። የቀረውን ውሃ መሬት ላይ ሊደፉት ብለው ተዉት፤ ጠጡት።

ኤልያስ ኦገስት 2 ነው። እኚህ ሰው ያን ቀን ጎተራው ውስጥ ገብተው መሰላሉን አይተውታል። እርከኑ ተሰብሮ ነበር። ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል።

ጁላይ 13

ምንም። ሰማዩ ነጭ ነው። እማማ "ያ ሬዲዮ የምትሉት ነገር ይሠራል እንዴ?" አሉኝ።

ጁላይ 18

ተኮስን።

ከሰዓት በኋላ ከደቡብ መጣ። ከሦስት ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ ደመና አላየሁም። ኢንጂነሩ ድምፁ እየተቆራረጠ አቅጣጫና ከፍታ ነገረን፤ አየሩ ክፍት ነው አለን። ሃራላምቢ እጁን አነሳልኝ፤ ቁልፉን ተጫንኩ። አንደኛው ሄደ፤ ቀጥሎ ሌላው፣ ሌላው። ጆሮዬ ደነቆረ፤ አፌ ውስጥ የባሩድ ጣዕም ገባ። ዓይኔ ከደመናው አልተነቀለም። ከዚያ ከታች በኩል መጋረጃ እንደሚወርድ ዝናቡ ሲወርድ አየሁት። በዓይኔ አየሁት።

መንደሩ ሳፋውንና በርሜሉን ይዞ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሕፃናት ሲጮኹ እዚህ ድረስ ይሰማል። እኔም ጮኼ ነበር፤ ሃራላምቢ ነው የነገረኝ።

ከዚያ ነፋሱ ዞረ። ዝናቡ ከሸንተረሩ ወዲያ ማዶ ሰረቱራ መንደር ላይ ወረደ። ለእኛ የደረሰን አቧራውን የማያበርድ ካፊያ ነው። ሰዎቹ ባዶ ሳፋቸውን እንደያዙ በየደጃፋቸው ቆመው ቀሩ።

ኢንጂነሩ "ውጤታማ ተኩስ! እንኳን ደስ ያላችሁ!" አለን። ሰረቱራ ባለው መለኪያ ደህና ዝናብ ተመዝግቧል። ስህተት የለበትም፤ ለእሱ ያው አንድ አገር ነው።

ጁላይ 19

የሰረቱራ ሊቀመንበር በጭነት መኪና ሐብሐብ ላከልን። ለምስጋና! ሃራላምቢ ከመኪናው ላይ እየተቀበለ "ቶሎ በይ ደብቂው፣ መንደሩ ካየ በዚሁ በሐብሐቡ ነው የሚወግረን" አለኝ። ከመጋዘኑ ጀርባ ቁጭ ብለን በላን። ጣፋጭ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ የምበላው ነገር ጣዕሙ ተሰማኝ፤ ወዲያው በራሴ ተናደድኩ።

ወደ ቤት ስወርድ ውሃ መቅጃው ጋ የቆሙት ሴቶች ዝም አሉ። ካለፍኩ በኋላ አንዷ "ደመናው መቃብሩ ጋ ሲደርስ ነው ለሁለት የተከፈለው፤ በዓይኔ ነው ያየሁት" ስትል ሰማሁ። ሌላዋ "ሮኬት ምን ያድርግ፣ ከታች የሚገፋው እያለ" አለች።

ነፋስ ነው። ከደቡብ ወደ ደቡብ ምዕራብ የዞረ ነፋስ። ቆም ብዬ ላስረዳቸው እችል ነበር። ሥራዬ ነው። እግሬ ግን አልቆመልኝም።

ጁላይ 24

በራችን ላይ ባዶ ባልዲ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። እማማ ሳይነሱ አወረድኩት። ደህና ባልዲ ነው፤ ለዝይዎቻችን ውሃ ማጠጫ አደረግኩት።

ጣቢያው ላይ ስለ መሰላሉ ሳወራ ነበር መሰለኝ። ብዙ ጊዜ ሳላውቀው አወራለሁ። እርከኑ ከበሰበሰ መቆየቱን፣ አዲስ እንጨት እንዲያስገባበት መንገሬን፣ ሰውዬው ግን እንደማይሰማኝ። ሃራላምቢ ሐዲዱን የሚወለውልበትን ጨርቅ አስቀመጠ። ሚዜያችን ነበር፤ ያን ቀን ጮኼ ስጣራ አጥር ዘሎ ቀድሞ የደረሰልኝም እሱ ነው።

"ዚና" አለኝ፣ "እርከኑን የሰበርኩት እኔ ነኝ። በመዶሻ። አንቺ ገመዱን ምድጃ ውስጥ ስትከቺ። ለሌላው ንገሪ፤ ለእኔ ግን አትንገሪኝ።"

 ሐዲዱን ቅባት ቀባሁት። ትናንትም ቀብቼው ነበር።

ጁላይ 29

ደመና የለም። ፓራስኪቫ የምትጠብቀው ኤልያስን ነው፤ እኔም እንደዚሁ። እማማ መነጽሬን ፈልጊልኝ ብለው ቀኑን ሙሉ አመላለሱኝ፤ ግንባራቸው ላይ ነበር። ተቆጣኋቸው። ምሳ ሳይበሉ ተኙ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ኦገስት 1

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ረፋድ ላይ ከወንዙ ማዶ አንዲት ደመና ብቅ አለች። ነጭ፣ ስስ። ሃራላምቢ ውሃ ሊቀዳ ወርዶ ነበር። በሬዲዮ ጠየቅኩ። ኢንጂነሩ "አይቻታለሁ፤ በውስጧ ምንም የለም፤ ለእሷ ትእዛዝ የለም" አለኝ።

እኔም አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለችው ደመና ላይ ያለንን ሮኬት ሁሉ ብናራግፍባት ጠብታ አይወጣትም። እኛ ያለውን ነው የምንጨምቀው፤ የሌለውን አንፈጥርም። ሃያ ዓመት ሙሉ ለትምህርት ቤት ልጆች ሳስረዳ የኖርኩት ይህንኑ ነው። ነገ ኤልያስ ነው።

ማስወንጨፊያውን አዞርኩት። ተኮስኩ።

ሮኬቱ ገብቶ ጠፋ። ደመናዋ እንደነበረች ቆየች፤ ቀስ ብላ ሟሟች። ሰው የጫነ አውሮፕላን በዚያ ቢያልፍስ የሚለው ሐሳብ የመጣልኝ ያኔ ነው፤ ቀድሞ አይደለም። አላለፈም። ቢያልፍስ ኖሮ?

ሬዲዮው ጮኸ። በስህተት ነው አልኩት። ቃሉ አልከበደኝም፤ ለምጄዋለሁ። ኢንጂነሩ ከነገ ጀምሮ ጣቢያው ላይ እንዳልገኝ፣ ቁልፉን ለሃራላምቢ እንዳስረክብ ነገረኝ። ድምፁ ልቅሶ ልቅሶ የሚለው ልጅ ይመስል ነበር። አሳዘነኝ።

ሃራላምቢ እየሮጠ መጣ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ተረዳው። "እኔ ነኝ የተኮስኩት ልበላቸው?" አለኝ።

"አንድ ጊዜ ዋሽተህልኛል፤ ይበቃል" አልኩት።

ቁልፉን ሰጠሁት። ስወርድ ምንም አልተሰማኝም። ጥላዬን እያየሁ ወረድኩ።

ኦገስት 2

ምህላው በጠዋት ወጣ። ቄስ ኒካኖር ከፊት፣ ሥዕሉ ከኋላ፣ መንደሩ በሙሉ ተከትሎ። በቆሎው ማሳ ውስጥ ሲገቡ የደረቀው ቅጠል እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። እኔ ከሁሉም ኋላ ሄድኩ። ከጎኔ የሚሄድ አልነበረም። የመጨረሻው ማሳ ላይ ተንበረከኩ፤ ተነሡ፤ ሁሉም አንገቱን ቀና አድርጎ ሰማዩን አየ። ሰማዩ ያው ነበር።

 ሰዎቹ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ባልዲ ይዘው ተመለሱ። ወደ መቃብር ቦታው መሄድ ጀመሩ።

ሮጥኩ። ያሰብኩት የውጭውን በር ቆልፌ ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ እማማን ወደ ኋለኛው ክፍል ማስገባት ነበር። ደርሼ በሩን ስገፋው እማማ ጉድጓዱ አጠገብ ቆመዋል። ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ለቀብሩ የለበሱትን። ባልዲው ከጥልቁ እስኪወጣ ገመዱን እየጎተቱ ነበር።

"እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ነይ ያዢልኝ፣ ከብዶኛል።"

"ይግቡ፣ ፀሐይ ነው።"

"ዚና" አሉኝ፣ "አስከሬን አጣቢ ሴት አላስገባሁም ነበር፤ ትዝ ይልሻል? ልጄን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንገቱንም በሻርፕ የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ከመሰላል የወደቀ ሰው አንገቱ እንደዚያ አይሆንም። አንቺ ለእኔ ብለሽ ስትደክሚ ዝም አልኩሽ። አንቺን ደስ ካለሽ ብዬ። አሁን ያዢልኝ።"

ያዝኩላቸው። እጀታውን በአንድ በኩል እሳቸው፣ በሌላ በኩል እኔ። ጭቃማ ውሃ ነው፤ ለዝይዎቹ እንኳ የሚበቃ አይደለም።

መቃብር ቦታው ጋ ስንደርስ ሰዎቹ በግሪጎሬ መቃብር ዙሪያ ቆመዋል። ቀድሞ ማፍሰስ የፈለገ ሰው አልነበረም መሰለኝ። ፓራስኪቫ ባልዲዋን እግሯ ሥር አስቀምጣ መሀረቧን ታስተካክላለች። እኛን ሲያዩ መንገድ ለቀቁ። ቄስ ኒካኖር በሩ ላይ ቆመው ነበር።

እማማ ባልዲውን ከእጄ ወሰዱና ቀስ ብለው አፈሰሱት፤ ከራስጌው እስከ ግርጌው፣ አበባ እንደሚያጠጡ።

"ጠጣ፣ ልጄ" አሉት። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። "ምን ታያላችሁ? አዎ፣ ራሱን ሰቅሎ ነው የሞተው። ልጄ ነው። የተከለው ወይን ደረቀበት፣ እንደገና ተከለ፣ እንደገና ደረቀበት። ከእናንተ መሃል እንዲህ ማድረግን ያላሰበ ካለ ቀርቦ ያፍስስ።"

ረጅም ጊዜ የተንቀሳቀሰ የለም። መጀመሪያ የቀረበችው ፓራስኪቫ ናት። እያለቀሰች አፈሰሰች፤ "ይቅር በለኝ፣ ግሪጎሬ" አለች። ሌሎቹ እየተራመዱ ተከተሉ፤ ጥቂቶቹ ሳያፈሱ ባልዲያቸውን ይዘው ተመለሱ። ቄስ ኒካኖር ባርኔጣቸውን አወለቁ። ይቆጡኛል፣ ለሊቀ ጳጳሱ ይጽፋሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። የሙታን ጸሎቱን ጀመሩ፤ ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተቋረጠ።

አልዘነበም።

እማማን ደግፌ ወደ ቤት መለስኳቸው።  ደጃፉ ላይ ጫማቸውን እያወለቅኩላቸው ሳለ፣

"ያን ቀን ጠዋት 'እማማ፣ ዛሬ ከቤት አትውጪ፣ ከእኔ ጋር ዋይ' ብሎኝ ነበር" አሉኝ። "ቅዳሴ ይረፍድብኛል አልኩት። ለአንቺ አልነገርኩሽም። ፈርቼሽ።"

ጫማውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያን ቀን ጣቢያውን ለብርዱ ወራት የምንዘጋበት ቀን ነበር። ሐዲዱ መቀባት ነበረበት።

"እኔንም ዋይ ብሎኝ ነበር" አልኳቸው።

እማማ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። ከብዶ ነበር።  ከዚያ ተነስተው እሳት አነደዱ፣ የበቆሎ ገንፎ አገነፉ፣ አይብ ነሰነሱበት፤ ሁለታችንም እስኪያልቅ በላን።